የጋሽ ተክለጻድቅ ቤት ፊት

ቤት እንሠራለን ከሚሉ አሥር ሰዎች አንዱ ቤት አይሠራም፤ ይመርጣል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ሜትር በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ለቅሶ ቤት ሲገባ እንኳ ከሟቹ ፎቶ በፊት የጣሪያውን ጠርዝ ነው የሚያየው። የቦንጋው መራጭ ክቡር ጎረቤታችን ጋሽ ተክለጻድቅ ናቸው።

ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እንደ ብዙው ሰው መጀመሪያ ግቢው ጥግ ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሠርተው፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ ይመኙሻል ጋር ገቡበት። “ዋናው ቤት እስኪያልቅ ነው” አሉ። የዋናው ቤት መሠረት በ1990 ወጣ። ላዩ ላይ ምን ዓይነት ቤት ይቁም የሚለው ጥያቄ ግን በስምንት ዓመቱም አልተመለሰም።

መጀመሪያ ኤል ቅርጽ ነበር። ቀጥሎ ለዓይን ሕክምና ጅማ ሄዱና፣ አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ፣ ባልተሸፈነው ኮለን የሚባል አራት ምሰሶ የቆመበት ቪላ አይተው ተመለሱ። ሺሺንዳ ለቅሶ ደርሰው ሲመጡ ደግሞ የአንድ ነጋዴ ቤት መስኮቶችን በእድር ደብዳቤ ጀርባ ላይ ስለው አመጡ። ፕላኑን አምስት ጊዜ ስላስለወጡ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ከሩቅ ሲያዩአቸው “ሪቫይዝድ መጡ” ይባባሉ ነበር።

“ቤት ማለት ፊቱ ነው” ይላሉ። “ውስጡን ማን ያየዋል?”

አንድ ጊዜ ጣሪያው ከፊት የማይታይ ቤት አማራቸው። ግንበኛው ማሙሽ ሰማይ ሰማዩን እያየ አዳመጣቸው።

“ጋሼ፣ ቦንጋ ላይ ጣሪያ ደብቀን የት እንደርሳለን? ዝናቡ ፈልጎ ያገኘዋል።”

“አንተ ዘመናዊ ነገር አይገባህም።”

“እሺ፣ ዘመናዊው ይሁንልዎ። ብቻ ሳላረጅ ይጥሩኝ።”

የሚፈልጉትን የሚያውቁት እትዬ ይመኙሻል ነበሩ። ለእናቴ ሲነግሯት ሰምቻለሁ፦ “በረንዳው ሰፋ ቢልልኝ፣ ሳሎኑም ወንበር ቢያስቀምጥ ይበቃኛል። እህቶቼ ከቢታ ገነት መጥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ሲደረደሩ አፍራለሁ።”

“ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?”

“መች ጠየቀኝ” አሉ፣ ሳቅ ብለው።

በ1998 ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት እንደመጣሁ ጋሽ ተክለጻድቅ አስጠሩኝ። ከዚያ ሁሉ ንድፍ ሁለት ብቻ ቀርቷቸዋል። አንደኛው ኮለን በኮለን ነው፤ ሁለተኛው ሰፊ በረንዳ አለው።

“አንቺ ግጥም የተማርሽ ልጅ ነሽ፤ ውበት ታውቂያለሽ። የመረጥሽውን ሰኞ አስጀምራለሁ።”

እትዬ ይመኙሻል ሰርቪሱ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። ጣቴን ወደ በረንዳው መዘርጋት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን ሰው ትክ ብሎ ሲያየኝ ቃል የሚጠፋኝ ነኝ። ማንንም ላለማስከፋት ብዬ “ሁለቱም ያምራሉ” አልኩ።

“እኔንም የቸገረኝ ይኸው ነው” አሉ ደስ ብሏቸው። ሦስተኛ ፍለጋ ሄዱ። እትዬ ይመኙሻል ወደ ውስጥ ገቡ።

በዓመቱ ሚያዝያ ላይ እትዬ ይመኙሻል ታመሙ፤ ሰኔ ላይ አረፉ። ግቢው ውስጥ ጭቃ የሌለበት ቦታ መሠረቱ ብቻ ስለነበረ የለቅሶው ድንኳን እዚያ ላይ ተተከለ። ከቢታ ገነት የመጡት እህቶቻቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አጠገቤ ቆሞ የነበረው ማሙሽ በአገጩ ወደ እነሱ እያመለከተ፣ ቀስ ብሎ፣ “ሳሎኑ እኮ ይሄ ነበር” አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ተክለጻድቅ አዲስ ቤት ፊት ለፊት አይቆሙም። አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ድሮ ወረቀታቸውን ይዘው ሲመጡ አጥር ተከልዬ እደበቃቸው ነበር፤ አሁን ባለመምጣታቸው ቅር እያለኝ በመስኮት አያቸዋለሁ።

ዘንድሮ አባቴ ቤት ሊሠራ ተነሣ። ማንም ሳይልከኝ ንድፉን ወስጄ የጋሽ ተክለጻድቅን በር አንኳኳሁ።

“ጋሼ፣ የፊቱን ነገር አይተው ይንገሩኝ” አልኩ።

መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ብዙ አዩት። ስለ ኮለኑ ይጀምራሉ ብዬ ጠበቅሁ።

“እናትሽ ምን አለች?” አሉኝ።

“ገና አላየችውም።”

ወረቀቱን በነበረበት እጥፋት አጥፈው እጄ ላይ መለሱልኝ።

“እንግዲያው ለእኔ ለምን ታሳዪኛለሽ፣ ልጄ” አሉ።