ፊልድ ማርሻሉና የጥርስ ሐኪሙ ሚኒስትር

ጦር ሜዳ ሳይረግጥ ጦር የሚመራ ሰው የሌለበት ፀጉር ቤት በዓለም ላይ የለም። አለ ከተባለም ገና ወንበሮቹ አልገቡለትም ማለት ነው። ወንበር በገባ ማግስት ሰውየው ይመጣል። ፀጉሩን ሊቆረጥ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጥ ፀጉርም የለውም። የሚመጣው ሠራዊቱን መስመር ሊያስይዝ ነው።

የዚህኛው ፀጉር ቤት አዛዥ ክቡር ፊልድ ማርሻል ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጣቸው ታክሲ ነጂው ሲሆን፣ እርሳቸውም ሳያንገራግሩ ተቀብለውታል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፖስታ ቤት ውስጥ ጥቅል ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጠመንጃ ይዘው ያውቁ እንደሆነ የሚጠይቅ ደፋር ከተገኘ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ያወርዱና "ስትራቴጂ በጭንቅላት ነው እንጂ በትከሻ አይደለም" ይሉታል። ጭንቅላታቸው ላይ አንዲት ፀጉር የለችም። ሐሳብ በዝቶበት የረገፈ ነው ባይ ናቸው።

ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሁሉ ዓመት ችሏቸው ኖሯል። ጠዋት ሊከፍት ሲመጣ ቀድመውት በሩ ላይ ቆመው ያገኛቸዋል። ከመስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር የእርሳቸው ናት፤ ሬዲዮውም ቢሆን የእርሳቸው ያህል ነው። ለባለቤቱ የቀሩት መቀሱና የቤት ኪራዩ ብቻ ናቸው።

ነገሩ የከፋው አዲሱ የመከላከያ ሚኒስትር የተሾመ ዕለት ነው። ሰውየው የጥርስ ሐኪም ነበር። ሬዲዮው ይህን ሲናገር ፊልድ ማርሻሉ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"የጥርስ ሐኪም? እንግዲህ ጠላት አፉን ከፍቶ ሊጠብቀው ነዋ!"

"የተማረ ሰው ነው እኮ ጋሼ" አለ ታክሲ ነጂው፣ ሊያቀጣጥላቸው ፈልጎ።

"ምን ተማረ? መንጋጋ! የጠቅላይ ሚኒስትሩን ጥርስ ሳያሳምም ስለነቀለ ነው የሾሙት። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው ለቦታው አይመጥንም።"

ከዚያ ቀን ወዲህ "ሰውየው ለቦታው አይመጥንም" የፀጉር ቤቱ ሰላምታ ሆነ። ፓርላማ ውስጥ ተቃዋሚዎች ተነስተው ሚኒስትሩ የአመራር ልምዱን እንዲያስረዳ በጠየቁ ጊዜ፣ ፊልድ ማርሻሉ "ከኔ ሰምተው ነው" ብለው ጋዜጣቸውን አጣጠፉ። ሚኒስትሩ ሠራዊቱን ሲጎበኝ ደግሞ የደንብ ባርኔጣው ሰፍቶት ጆሮው ላይ ዘጭ ብሎ በፎቶ ታየ። ያን ሰሞን መከራ ነበር። ለገባ ለወጣው ሁሉ ፎቶውን እያሳዩ "አንድ ባርኔጣ መምራት ያቃተው ሰው ክፍለ ጦር ሊመራ?" ሲሉ ዋሉ።

ትንታኔው በቃል ብቻ ቢሆን ምንኛ ደግ ነበር። ክቡርነታቸው ግን መስታወቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ጦር ማሰለፍ ይወዳሉ። ማበጠሪያዎቹ እግረኛ ናቸው፤ ቶንዶሱ ታንክ፣ የፓውደሩ ቆርቆሮ ተራራ። አንድ ቀን የሒሳብ አስተማሪው ግማሽ ራሱ ተላጭቶ፣ ግማሹ ቀርቶ ተቀምጦ ሳለ ፀጉር አስተካካዩ ቶንዶሱን ሊያነሳ እጁን ሰደደ።

"እንዳትነካው! ድልድዩን የያዘው እሱ ነው!"

"ጋሼ፣ ክፍል ረፈደብኝ እኮ" አለ አስተማሪው።

"አገር ከሚረፍድባት አንተ ክፍል ይርፈድብህ።"

ድልድዩ እስኪለቀቅ ድረስ አስተማሪው ከነግማሽ ፀጉሩ ጋዜጣ ሲያነብ ቆየ።

ሁሉም ይስቃል። ፀጉር አስተካካዩም አብሮ ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው። ሴት ልጁ የሠራዊቱ አምቡላንስ ሹፌር ናት። የተቀጠረችው እሱ አትሂጂ ብሎ እያለቀሰ ስለሆነ ማንሳቱ ያመዋል፤ ለጠየቀው ሁሉ "ክፍለ ሀገር ሥራ ይዛለች" ብሎ ያልፋል። እናም ፊልድ ማርሻሉ "አይመጥንም" ባሉ ቁጥር ዓይኑ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ በቃዎት ሊላቸው አፉ ላይ ደርሶ ተመልሷል። በቃዎት ካለ ለምን እንደሆነም መናገር ሊኖርበት ነው።

አንድ ረቡዕ የስድስት ሰዓቱ ዜና ድንበር ላይ ተኩስ መከፈቱን ተናገረ። ፊልድ ማርሻሉ ጭናቸውን በጥፊ መቱ።

"ብያለሁ! አላልኩም? ሰውየው ለ—"

ሳይጨርሱት በሩ ተበረገደና የፀጉር አስተካካዩ ሚስት የቤት ጫማዋን እንዳደረገች ገባች።

"ልጄ ያለችበት ቦታ ነው! ስልኳ አይነሳም!"

ምላጩ ከፀጉር አስተካካዩ እጅ ወደቀ። ጢሙን ሊላጭ ፊቱን በሳሙና አረፋ ተለቅልቆ የተቀመጠው ታክሲ ነጂ ዞር አለ። "የቷ ልጅ? ክፍለ ሀገር ናት ያልከን?"

"አምቡላንስ ነጂ ናት" አለ አባትየው። "ድንበር ላይ ናት።"

ሴትየዋ ዓይኗን ስታንከራትት ቆየችና ፊልድ ማርሻሉ ላይ አሳረፈችው። ባሏ ማታ ማታ እራት ላይ ስለ እርሳቸው ጦር አዋቂነት እያሾፈ የሚያወራላትን ሁሉ እሷ ከልቧ ስታምነው ኖራለች።

"ጋሼ፣ እርስዎ የጦር ነገር ጠንቅቀው ያውቃሉ። እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ። ይሄ ሰውዬ ልጄን ያስጨርሳታል?"

ፀጉር አስተካካዩ ጆሮውን መድፈን አማረው። ፊልድ ማርሻሉ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

"ማን? ሚኒስትሩ?" አሉ። "እንዲያውም በጣም ይመጥናል።"

"እንዴ ጋሼ! አሁን እኮ—" አለ ታክሲ ነጂው።

"አንተ ዝም በል! አሁን ያልኩትን አሁን ትቼዋለሁ።" ወደ ሴትየዋ ዞሩ። "ስሚኝ ልጄ። የጥርስ ሐኪም ማለት እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ማለት ነው። ሰው ሲያመው ማየት አይወድም። እንደዛ ያለ ሰው ቁስለኛ አይረሳም፣ አምቡላንስ አያጋልጥም። እኔ ራሴ ብጠየቅ የምሾመው እሱን ነው።"

ወደ መደርደሪያውም ሄዱ። የፓውደሩን ቆርቆሮ መሐል ላይ ተከሉ፤ የአንገት ማራገፊያዋን ትንሽ ብሩሽ አንስተው ከቆርቆሮው ጀርባ አስቀመጡ።

"ይሄ ተራራው ነው። ይቺ ልጅሽ ናት።"

"ለተራራው አይቀርብም ጋሼ?"

"ልክ ነሽ፣ ይቀርባል።" ብሩሿን ወደ ኋላ ሳቡ። እናትየው አሁንም ዓይኗን አልነቀለችም። ፊልድ ማርሻሉ እንደገና ሳቡ፤ ደግመው ሳቡ፤ መደርደሪያው አለቀባቸውና ብሩሿን እጃቸው ላይ ያዟት። "እንዲያውም እዚህ ድረስ ትመለሳለች" አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ እጃቸው ላይ ያለችውን ብሩሽ አየ። በዚህ ሁሉ ዓመት ከነገሩት አንዱንም አምኗቸው አያውቅም፤ አሁንም አላመናቸውም። ግን እንዲያቆሙ አልፈለገም።

"ቀጥሉ ጋሼ" አላቸው።

እርሳቸውም ቀጠሉ። ሚኒስትሩን በአመራር አወደሱት፣ በአርቆ አሳቢነት ካቡት፤ ባርኔጣው እንኳ የሰፋው ጭንቅላቱ እንዲተነፍስ ታስቦ ሆነ። ታክሲ ነጂው አረፋው ፊቱ ላይ እየደረቀ "ልክ ነው፣ እኔም ሰምቻለሁ" ይል ጀመር።

ስልኩ ሲጮህ ሴትየዋ ልትጥለው ምንም አልቀራትም።

"እማዬ፣ ምነው ይሄን ሁሉ ደወልሽ? ጎማ እየቀየርኩ ነበር እኮ።"

እናት አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ ስለ ጎማው ትቆጣት ገባች። ፀጉር አስተካካዩ የልጁን ድምፅ ሰምቶ ዞር ሲል የመስኮቱ ሥር ወንበር ባዶ ነበር። ፊልድ ማርሻሉን ያገኛቸው ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጠው፣ ብሩሿን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነው።

"ምን ሆኑ ጋሼ?"

"ደግሞ ምን እሆናለሁ።" ቀና ብለው አላዩትም። "እኔ ስለ ጦር ምን አውቄ ነው? አንድ ነገር ብትሆን ኖሮ እናትየዋን በምን ዓይኔ አያት ነበር?"

"እንደማያውቁማ አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?" አሉ ተቆጥተው።

"መጀመሪያ ከመጡበት ቀን ጀምሮ።"

ፀጉር አስተካካዩ ጎናቸው ተቀመጠ። ከውስጥ ታክሲ ነጂው ላጨኝ እንጂ እያለ ይጮሃል። ፀጉር አስተካካዩ አባቱን ከቀበረ ወዲህ ለሽማግሌ እንዲህ ሳስቶ አያውቅም፤ ክንዳቸውን ያዝ አደረጋቸው።

"ነገ ቀደም ብለው ይምጡ ጋሼ" አላቸው። "ልጅቷ እስክትመለስ ድረስ ያንን ዜና ብቻዬን መስማት አልችልም።"