ስካር ጎን አይመርጥም

በእኛ አገር ሰው አደባባይ ላይ አይታመምም። የሚታመመው ቤቱ ነው። ደጅ ወጥቶ ከተንገዳገደ ሰክሯል፤ ሰላም ብለውት ቶሎ ካልመለሰ ኮርቷል፤ አፉ ከተጣመመ ደግሞ ወይ ሰው ረግሞታል ወይ ምች መትቶታል። ከዚህ ሌላ አይታወቅም። እኛ ፍኖተ ሰላሞች፣ አሮጊቶቹ ዛሬም ከተማዋን ወጀት ነው የሚሏት፣ ለአንድ ነገር ምክንያት ሳናገኝለት ማደር አንወድም። ምክንያቱ የጠፋበት ሰው ደግሞ ወደ እኔ ይመጣል።

ለምን ወደ አንቺ ትሉኝ ይሆናል። ዓይን ስላለኝ ነው። በፊደሉ በኩል ከአቡጊዳ ብዙም አልራቅሁ፤ የሰው ፊት ግን ዳዊት እንደሚደግም ደብተራ ሳልደናቀፍ እወጣዋለሁ። ማን አዲስ ነጠላ ለብሶ ማንን ሊያይ እንደሄደ፣ የትኛዋ ሙሽራ እያለቀሰች ውሃ እንደቀዳች፣ የማን በሬ የማንን ማሳ እንደበላ ሳልጠየቅ አውቃለሁ። ሐሜተኛ የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ያላየሁትን ተናግሬ አላውቅም፤ ይህንንም ዕድሜዬን ሙሉ ስኮራበት ኖሬአለሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ያየሁትን ብቻ ተናግሬ፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ ሰው እንዴት እንደጎዳሁ ነው።

ግድግዳ የምንጋራቸው እመት ውዴ ጠላ ይሸጡ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ አንዲት ልጃቸውን በዚያው ጠላ አሳድገው ለቡሬ ሰው ድረዋል። ከጅጋ በእግሩ የመጣ ገበሬ እህሉን ሸጦ ሲመለስ እሳቸው ቤት አረፍ ሳይል አይሄድም። የሚገርመው የጠላው ጥሩነት አይደለም። ሴትዮዋ ጠላ አይቀምሱም። መድረስ አለመድረሱን የጋኑን አፍ ከፍተው በማሽተት ነው የሚያውቁት። «ሻጯ ከቀመሰች ጋኑ ወደ ውስጥ ይፈሳል» ይላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ለጎረቤት ይከብዳል። እንከን ከሌለው ሰው ጋር ግድግዳ ተጋርታችሁ ታውቁ እንደሆን ትረዱኛላችሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር እስኪገኝባቸው ስጠብቅ ኖርኩ ብል እግዜር ይታዘበኛል፤ አልጠበቅሁም ብል ደግሞ እናንተ ትታዘቡኛላችሁ።

የኅዳር ጽዮን ዕለት የማርያም ማኅበራችን እመት ስንዱ ቤት ተሰበሰበ። እመት ስንዱ የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ የሚዳኙትም የሚቀጡትም እሳቸው ናቸው። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ፤ የሚቀጥለው ወር ተረኛ እመት ውዴ ነበሩና ጽዋውን ተቀብለው ወደ ቤታቸው ሊወስዱ ተነሡ። እኔ እንደ ልማዴ በሩ ጥግ ነበርኩ፤ ከዚያ ሁሉም ይታያል። መጀመሪያ ያየሁት እግራቸውን ነው፤ ቀኙ መሬት እየጫረ ተከተላቸው። ቀጥሎ እጃቸውን አየሁ፤ ግራው ወደ ጽዋው ተነሣ፣ ቀኙ እንደ ራሰ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጽዋው ወደቀና ተሰበረ። እመት ውዴ አንድ ነገር ተናገሩ፤ «ይቅር በሉኝ» ማለታቸው ይሆናል፤ የወጣው ግን ትኩስ ገንፎ በአፉ የያዘ ሰው ንግግር ነበር። ቀኝ ከንፈራቸው ወደ ታች ወርዶ ምራቃቸው በአገጫቸው ሄደ።

ጽዋ ሲወድቅ ቤት ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ መካከል፣ ለጎኔ ሰው ብቻ የነገርኩ መስሎኝ፣ «ዛሬስ እመት ውዴም ለራሳቸው ቀድተዋል» አልኩ።

አንዷ ሳቀች። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የእኔ ግን ከአፋፍም አልፎ ከእመት ስንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ ዳኛ ሆነ። እመት ስንዱ ፍርዱን ተናገሩ፤ የጽዋው ተራ እመት ውዴን ይለፋቸው፣ እሳቸውም በር ሥር ይቀመጡ፣ በበዓል አይሰገድምና ከማግሥቱ ጀምሮ በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን ሄደው አርባ አርባ ይስገዱ ተባለ። ደግፈው አምጥተው አጠገቤ አስቀመጧቸው።

ቆሎው ዞሮ ሳያልቅ እጃቸው ተነሣ፤ ከንፈራቸው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አንደበታቸውም ተፈታ።

«አትጠገብ ልጄ፣ በማርያም፣ ምን እንደያዘኝ እንጃ እንጂ ጠብታ አልቀመስኩም» አሉኝ ነጠላዬን ያዝ አድርገው።

«ይሁን እመት፣ ማንም ሰው እንዲያው ነው የሚለው» አልኳቸው።

ይኸው ቶሎ መዳናቸው ነው የፈረደባቸው። በሽታ እንዲህ ይለቃል እንዴ? ቆሎ ተዘግኖ ሳያልቅ የሚለቅ ስካር ነው ተባባልን። በዚያ ቤት ከነበርነው ሴቶች ሰባት ስምንት የወለደች፣ በሽተኛ ያስታመመች፣ አስከሬን የገነዘች ነበረች። የሚያውቅ ሰው ሞልቶ ነበር። የጠፋው የሚጠይቅ ነው።

በማግሥቱ ነገሩን ይዤ ወጣሁ። አላዛባሁትም። ቀኝ እግር፣ ቀኝ እጅ፣ ቀኝ ከንፈር፣ አንዱን ሳላጎድል አወራሁት። ለማሳየት እንኳ ከንፈሬን እንደሳቸው አጣምሜ፣ ክንዴን ጥዬ፣ እግሬን እየጎተትኩ እሄድ ነበር። ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር፤ ችሎታ አለኝ። በገበያ ቀን ወሬው ከነጋዴ ጋር በመኪና ተሳፍሮ ቡሬ ገባ። የእመት ውዴ ልጅ ከአማቷ አፍ ሰማችው፤ አፍራም እናቷን ሳትጠይቅ ቀረች።

እመት ውዴ ጠላ ቤታቸውን ዘጉ። በየማለዳው ሲሰግዱ ከሩቅ አያቸው ነበር። አንድ ቀን በአጥር ስመለከት የቀረውን ጠላ ከጋኑ እየቀዱ ጓሮ ሲደፉ አገኘኋቸው። «ምነው እመት?» ብላቸው፣ «እንጃ ልጄ፣ ሽታውም ያሰክር ይሆናል። ይህን ያህል ሰው አይዋሽም» አሉ። እኔን ሊነኩ አልነበረም። እውነት ራሳቸውን ተጠራጥረው ነው።

ይህን ሰምቼ አፈርኩ ብል ዋሸሁ። ገና አላፈርኩም ነበር።

በአምስተኛው ቀን እመት ዘይነባ ሱቅ ሳሙና ልገዛ ገባሁ። እመት ዘይነባ የባለሱቁ ሚስት ናቸው፤ እስላምና ክርስቲያን ሳይሉ የሁላችንንም ወሬ ይሰማሉ። ወሬውን ከነትርኢቱ አሳየኋቸው። ከኋላዬ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ምናለ የፋኖስ ብርጭቆ ሊገዛ ቆሞ ኖሯል። ሁላችን ዶክተር ነው የምንለው፤ እሱ ግን ቁስል የማጥብ፣ መርፌ የምወጋ ድሬሰር ነኝ እያለ ያርመናል። እመት ዘይነባ ሲስቁ እሱ አልሳቀም።

«እስቲ ይድገሙልኝ እትዬ አትጠገብ። በየትኛው በኩል ነበር?»

ሰሚ በመጨመሩ ደስ ብሎኝ ደገምኩለት። እጃቸው ምን ያህል ቆየ አለኝ፤ አንደበታቸው ጨርሶ ተመልሶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁሉም በቀኝ በኩል እንደነበረ፣ ቆሎው ሳያልቅም ጨርሶ እንደለቀቃቸው ነገርኩት። ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠ።

«ይህ ስካር አይደለም። ስካር ጎን አይመርጥም፤ ሰውን በሁለቱም በኩል ነው የሚያላላው» አለ። «ደም ብዛት ነው ብዬ እፈራለሁ። ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ለአፍታ ተዘግቶባቸው ይሆናል።»

«ታዲያ ለቀቃቸው እኮ» አሉ እመት ዘይነባ።

«የሚለቀው ነው የሚያስፈራው። አንኳኩቶ የሄደ ሌባ ቤቱ ውስጥ ሰው መኖሩን ሊያጣራ ነው የመጣው፤ ይመለሳል። ፊት በአንድ ወገን ሲወርድ፣ አንድ እጅ አልነሣ ሲል፣ ምላስ ሲተበተብ፣ ከሦስቱ አንዱም ቢሆን፣ ቢለቅም ባይለቅም በዚያው ሰዓት ወደ እኔ ነው። ደማቸውን በክንዳቸው እለካለሁ፣ ኪኒን እሰጣቸዋለሁ፣ ጨው አስተዋቸዋለሁ፤ ስግደቱንም ያቆማሉ። ቤታቸው እዚሁ ነው አይደል? ይምሩኝና አሁኑኑ እንሂድ።»

አሁን እዚህ ላይ ቆማችሁ ታዘቡኝ። ከዚያ ሱቅ እስከ እመት ውዴ ደጅ ድረስ ያለው መንገድ የገበያ መንገድ ነው። ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሁሉ ከእኔ አፍ የሰሙ፣ የሳቁ ናቸው። ከድሬሰሩ ፊት ፊት ሄጄ ያቺን በር ባንኳኳ፣ አትጠገብ በሽተኛ ሴት ሰክረዋል ብላ አስቀጣች ማለት ነው። ሃያ ዓመት ያጠራቀምኩት የዓይን ዝና ነበረኝ። ረዘመብኝ መሰለኝ፣ ያን መንገድ መሄድ አቃተኝ።

«ቡሬ ሄደዋል፣ ልጃቸው ዘንድ» አልኩት።

ያላየሁትን የተናገርኩት ያን ቀን ነው።

እሱም አመነኝ። ቡሬም ጤና ጣቢያ አለ፣ እዚያው እንዲታዩ ዛሬውኑ ይላኩባቸው ብሎ አደራ ሰጠኝ። እሺ አልኩ። ክፉ ሰው አትበሉኝ፤ ነገ በጓሮ ገብቼ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ፣ ተከናንበው ብቻቸውን ይሄዳሉ ብዬ ነበር። በነጋው ልብስ አጠብኩ። በማግሥቱ ደግሞ እንግዳ መጣብኝ። የሚያፍር ሰው ሥራ አይጠፋበትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጓሯቸው ጭር አለብኝ። ስገባ ከባዶዎቹ ጋኖች መሐል ወድቀው አገኘኋቸው። ቀኝ ክንዳቸው ከሥራቸው ተኝቷል፤ የራሳቸው አይመስልም። ዓይናቸው ግን ክፍት ነበር፤ አየኝ፣ አወቀኝም። ጮኼ ወንዶቹን ጠራሁ፤ በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷቸው። ያን የገበያ መንገድ ያን ጊዜ ከፊት ሆኜ ሄድኩት።

ድሬሰሩ ክንዳቸው ላይ ጨርቁን ጠምጥሞ ነፋ፤ አዳመጠ፤ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና በቀስታ፣ «ከቡሬ መቼ ተመለሱ?» አለኝ።

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ። እሱም መልሱን ሳይጠብቅ ወደ በሽተኛዋ ዞረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እመት ውዴ አልደበቁም፤ በአደባባይ ታመሙ፣ በአንደበታቸውም ነገሩኝ። ሌላ ስም አውጥቼ የሸፈንኩባቸው እኔ ነኝ።

አልሞቱም። ቀኝ ጎናቸው ግን አልተመለሰም፤ ንግግራቸውም ሄደ። የሚሉትን ያውቁታል፣ ወደ አፋቸው ሲደርስ ይጠፋባቸዋል። ልጃቸው ከቡሬ መጥታ ወር ሰነበተች፤ ባልና ልጆች አሏት፣ ተመለሰች። ማጉረሱ፣ ማጠቡ፣ ማገላበጡ ለእኔ ሆነ። ኪኒኑን በሰዓቱ የምውጠውም የምሰጠውም እኔው ነኝ፤ የምውጠው ያልኳችሁ ድሬሰሩ የማኅበራችንን ሴቶች በተራ ለክቶ ግማሻችን ደማችን ከፍ ብሎ ስለተገኘ ነው። የእኔ ከሁሉም በላይ ነው። ጨው ቀንሺ፣ አረቄውን ተዪ፣ ደህና ነኝ ብለሽ ኪኒኑን እንዳታቋርጪ ተባልኩ። እናንተም ክንዳችሁን አስለኩ፤ ሲለኩት አያምም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አገሩ ግን ማመስገን ጀመረ። አትጠገብ እኮ ቅን ናት፣ ለባዳ እንዲህ ይደረጋል እንዴ ተባለ። የእመት ውዴ ልጅ ጉልበቴን ሳመች። አላስቻለኝም፤ ለማርያም ማኅበር ስንሰበሰብ ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ የመጀመሪያዋን ቃል፣ ሱቁን፣ ውሸቱን። አርባውንም ስግደት በእኔ ላይ ይፍረዱ አልኳቸው።

እመት ስንዱ እንባቸውን ጠረጉ። «አያችሁ፣ ደግ ሰው ራሱን ነው የሚከሰው» አሉና ተራዬ ሳይደርስ አዲሱን ጽዋ ለእኔ ሰጡኝ። ስለ እመት ውዴ የተናገርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ታምኖ ነበር። ስለ ራሴ የተናገርኩት ሁሉ ትሕትና ተባለ።

እንግዲህ የቀሩት አንድ ሰው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ምሳቸውን እያጎረስኩ ለእሳቸው ለራሳቸው ነገርኳቸው። ድሬሰሩ ሊመጣ ነበር፣ ቡሬ ናቸው ያልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ማኘካቸውን አቆሙ። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ በደኅናው በግራ እጃቸው ሳህኑን ገፉትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ይቅር አላልኩሽም ማለታቸው ይሁን፣ ጨው የሌለው ሽሮ ሰልችቷቸው ይሁን፣ አላወቅሁም። ፊት ማንበብ እችላለሁ ብያችሁ ነበር። ሳህኑን አነሣሁ፣ አጠብኩ፤ ማታ ደግሞ ይዤ ሄድኩ።