ቃሬዛው ከሰልፉ ጋር የተገናኘ ዕለት

ና ግባ፣ ጄሪካኑ ላይ ተቀመጥ፤ ወንበሯ እግር የላትም። አላመለጠህም፣ ገና ስለ «ጓድ» እያወራሁ ነው።

ሰው ሰውን «ጓዴ» ሲል ስትሰማ መጀመሪያ የምታየው ምኑን ነው? እኔ እጁን ነው። ትከሻህ ላይ ካሳረፈው ሊልክህ ነው፤ ደረቱ ላይ ካሳረፈው ንግግር ሊያደርግ ነው። እዚህ መካነ ሰላም ጓደኛ ሌላ፣ ጓድ ሌላ ነው። ጓደኛህ ስትቸገር እየተሳደበ ይመጣል። ጓድህ አይሳደብም። አይመጣምም። «አብሽር ጓዴ» ብሎህ ያልፋል። አብሽር እስላሙም ክርስቲያኑም ሰው የሚያጽናናበት ደግ ቃል ነበር፤ እነዚህ የፓርቲ ልጆች እጅ ከገባ ወዲህ ግን «ከፊቴ ዞር በል» ማለት ሆኗል፣ ወላሂ።

እኔ ፖለቲከኛ እንዳልመስልህ። ከዘጠነኛ ክፍል ወጥቼ (ወጣሁ እንጂ አልተባረርኩም፣ ማንንም ጠይቅ) የአጎቴን ሞንታርቦ ነው የማጫውተው። ለሠርግ ዘፈን፣ ለንግሥ መዝሙር፣ ለስብሰባ ደግሞ «ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል?»። ስለዚህ የፓርቲውን ወጣት ክንፍ የማውቀው ማይኩ የተዘጋ መስሏቸው ሲያወሩ ነው። ማይኩ ሲከፈት አንድ ልብ አንድ ቃል ናቸው። ሲዘጋ ምክትሉ ሊቀመንበሩን ያማል፣ ጸሐፊዋ ምክትሉን ታማለች፣ ሊቀመንበሩ ሁሉንም ያማል፤ ተስማምተው የሚነሡት ምሳ ደረሰ ሲባል ብቻ ነው። ደግሞ ክንፍ ነው የሚባለው። ዶሮም ክንፍ አላት።

ሊቀመንበሩ ስምንተኛ ክፍል ላይ ከእኔ ይኮርጅ የነበረ ልጅ ነው። እሱ አለፈ።

ከመሃላቸው አንድ የዋህ አለ፣ ጌታሰው የሚባል፣ ከከተማው በታች ካለው ቀበሌ። ባነር ይሰቀል ሲባል መሰላል ላይ የሚወጣው እሱ፣ ወንበር ይመለስ ሲባል የሚሸከመው እሱ ነው። የእንጨት ሥራ ይችላል፤ ክንፉ ለወጣቶች የሚሰጠው ሼድ ሲገኝ «ቀዳሚው አንተ ነህ» ብለውታል። ሼድ በተገኘ ቁጥር ግን የሆነ ሰው የአጎት ልጅ አብሮ ይገኛል። አባቱ አርጅተዋል፤ በሬዎቹን ተከትሎ የሚውለው የጌታሰው እግር ነው።

ያ እግር ነው እንግዲህ የተሰበረው።

«ጓዳዊ አንድነታችን ለዘላቂ ድላችን» የሚል ሰልፍ ተጠርቶ፣ ለእንግዶች ተብሎ ከመንገዱ አፍ ላይ የባሕር ዛፍ በር ይተከል ተባለ። ማን ይተክላል? ጌታሰው። በማለዳ ወጥቶ ጨፌውን ሲያስር አግዳሚው ከዳው። ጭቃው ለባጃጅ አይሆንም፤ ጎረቤቶቹ በቃሬዛ አድርገው ወደ ሆስፒታል ይዘውት ወጡ።

የቃሬዛን ነገር ታውቃለህ። በእኛ አገር ቃሬዛ መንገድ ላይ ካገኘህ ትከሻህ ያንተ አይደለም። የደከመው ሰው «ተቀበሉ!» ይላል፤ ቄስም ብትሆን፣ ለሠርግህ ብትለብስም፣ ገብተህ ትሸከማለህ። ለምን የሚል የለም።

እኛ ከከተማ ወደ ታች እየወረድን ነው፤ እኔ ፒክአፑ ላይ ከሞንታርቦዬ ጋር፣ እነሱ በአዲስ ቲሸርት ከኋላዬ። መፈክር አስባዩ ከጠዋት ጀምሮ «ተቀበሉ! አንድነታችን!» ሲል ሕዝቡ እጁን ጨብጦ «ይለምልም!» ሲል አርፍዷል። መታጠፊያው ላይ ቃሬዛው ብቅ አለ። ከፊት የያዙት አያ ደምሴ ናቸው፣ የጌታሰው ጎረቤት፣ ላባቸው አፍንጫቸው ላይ ይንጠባጠባል። ወጣት በወጣት የሆነ መንገድ ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ኧረ ተቀበሉ!» አሉ።

«ይለምልም!» አለ ሰልፉ፣ ጡጫውን አንሥቶ።

አያ ደምሴ ግራ ገባቸው። «ምኑ ነው የሚለመልመው? ልጁ እግሩ ተሰብሯል እኮ! ተቀበሉ እንጂ፣ ልጆቼ!»

«ይለምልም!!»

ያን ጊዜ ከጋቢው ሥር አንድ እጅ ወጣ። የተጨበጠ። ጌታሰው ነው፤ እግሩ በሁለት ፍልጥ ታስሮ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ እሱም እያለመለመ ነው። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ሁለቱንም ጀምሬ ሁለቱንም ተውኩት።

ሊቀመንበሩ መጥቶ አየው። «ጓድ ጌታሰው!» አለና ዘወር ብሎ ጠራ፤ ሐኪም የጠራ መስሎኝ ነበር። ፎቶ አንሺውን ነው። አራት ቲሸርቶች ቃሬዛውን ተቀበሉ፣ ተመስገን ስል ፎቶ አንሺው «ፀሐይ ከኋላችሁ ሆነብኝ፣ አዙሩት» አለ። አዞሩት። ሰውየውን ሆስፒታሉን በጀርባው አድርገው ወደ መጣበት ይዘውት ሄዱ! ጌታሰው ሲዞር የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ፎቶው ሲያልቅ ቃሬዛውን ለነአያ ደምሴ መለሱላቸው።

«መኪናው ላይ ጫኑት እንጂ!» አሉ አያ ደምሴ።

«አባቴ፣ መኪናው ሞንታርቦ ይዟል» አለ ሊቀመንበሩ። «ሞንታርቦው ከወረደ ሰልፉ ዲዳ ነው የሚሆነው። አብሽሩ፣ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው።»

የሞንታርቦውን ገመድ ነቀልኩት። ጽድቅ ፈልጌ አይደለም፣ ጆሮዬ ሰልችቶት ነው። ሰልፉ ጸጥ አለ፤ ዳገቱ ራሱ ተገላገልኩ ያለ መሰለኝ። ከሾፌሩ ጋር ሞንታርቦውን ጭቃው ላይ ማውረድ ጀመርን።

«ጓድ! ይሄ የዲሲፕሊን ጥሰት ነው!»

«ጓድ አትበለኝ፣ ስሜን ታውቀዋለህ» አልኩት። «ስትኮርጅ ስሜን ሳይቀር ገልብጠኸው ነበር።»

ከኋላ የሳቀ ነበረ። ከባነሩ ጀርባ ስለሆነ ማን እንደሆነ አልታየም፤ በዚህ ክንፍ ውስጥ እውነተኛ ሳቅ ሁልጊዜ ከባነር ጀርባ ነው። ጌታሰውን ጫንነው፤ አያ ደምሴ ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ ዳገቱን ወጣን።

ሐኪሙ እግሩ ይተርፋል አለ። ይህን ክረምት ግን ሞፈር አይነካም። አያ ደምሴ ይህን ሲሰሙ «እርሻውስ ግድ የለም፣ በደቦ እናነሣዋለን» ብለው ጫማቸውን ጠርገው ወደ ቀበሌያቸው ወረዱ። ባነር የለ፣ ተቀበሉ የለ።

ከሰዓት ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ። አራቱ ቲሸርቶች በፀሐይ አምረዋል፣ ከላዩ «ጓድ ለጓዱ ትከሻ ነው» ተብሎ ተጽፎበታል፤ የበሽተኛው ስም ግን የለም። ለጌታሰው ስልኬን ሰጠሁት። ተናዶ ይሰድባቸዋል፣ እኔም አግዘዋለሁ ብዬ አፌን አሟሽቼ ተዘጋጅቻለሁ። ጄሶው ውስጥ ያለ እግሩን ትራስ ላይ አድርጎ ፎቶውን በሁለት ጣቱ እያሰፋ ብዙ አየው፤ ከዚያ እጅጌዬን ያዘና ሌላው በሽተኛ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማኝማ» አለኝ፣ «ቅድም እጄን ሳወጣ… ሊቀመንበሩ አየኝ?»