የአቶ በዳሳ አዛዥነት

ሊሆን የማይቀረውን ነገር ቀድሞ «ይሁን!» ብሎ የሚያዝ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ዝናብ አባርቶ ከየጥጉ የተጠለለው ሲበተን «በሉ ሂዱ» ብሎ ያሰናብታል። ለጉለሌ የተሰጡት ክቡር አቶ በዳሳ ነበሩ። የጎረቤት ላም ስታምጥ ከአጥር ማዶ «በርቺ!» ብለው፣ ጥጃው ሲቆም «እንዳልኳት አደረገች» ያሉ ሰው ናቸው።

ጣሊያን ከተማውን ይዞ ወደ ሸጎሌ መንገድ ማስቆፈር ሲጀምር ይህን የአዛዥ ድምፃቸውን ሰማና የሠራተኞች ካቦ አደረጋቸው። ፊሽካም ሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻላቸው! ቆፋሪው ዶማ ሲያነሳ ይነፋሉ፣ ሲያወርድም ይነፋሉ። «ሥራ ማለት ሰልፍ ነው!» እያሉ ሰውን በዕድሜው፣ ድንጋዩን በቁመቱ ያሰልፋሉ። ሰልፉ ሲያምር መንገዱ ግን ፈቀቅ አላለም። ሰዉ ሲጠሩት አቤት ይላቸዋል እንጂ፣ ሲጨንቀው የሚሄደው ለሠራተኛው ውሃ ወደምታመላልሰው ወደ ሾዴ ነበር። አቶ በዳሳ ይህን ያውቃሉ። «እኔ ያልኩትን ነው የምትደግመው» እያሉ ይጽናናሉ።

አንድ ቀን ቁፋሮው ከሰፈሩ መቃብር ደረሰ። የጣሊያኑ መኮንን በአስተርጓሚ «በቀጥታ እለፉ» አለ። አቶ በዳሳ ነፉ። ዶማ ያነሳ የለም። ደግመው ነፉ። ሾዴ እንስራዋን አውርዳ ከፊተኛው መቃብር አጠገብ ዘፍ አለች።

«ሾዴ፣ ተነሺ እንጂ! ሰልፉን አበላሸሽው!»

«ጋሼ፣ እናቴ እዚህ ናት። የርስዎስ አባት የት ናቸው?»

አቶ በዳሳ ከኋላዋ ያለውን የአባታቸውን መቃብር ጉብታ አዩና ፊሽካውን ከአፋቸው አወረዱ። ሠራተኛው አንድ በአንድ እየመጣ ከሾዴ ጎን ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ ሰልፍ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም፤ ያውም ያለ ፊሽካ! ራሳቸው ሲያወሩት፣ በዚያች ሰዓት የተሰማቸው ፍርሃት ሳይሆን ቅናት ነበር።

መኮንኑ ሽጉጡን መዝዞ ደረሰ።

«ተቀመጡ ያላቸው ማነው?» አለ አስተርጓሚው። የመኮንኑ ዓይን ሾዴ ላይ አርፏል።

አቶ በዳሳ «እኔ የማውቀው የለም» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እኔ ነኝ! እኔ ሳላዝ እዚህ ማን ይቀመጣል?»

ልማድ ይሁን ጀግንነት እሳቸውም ለይተው አያውቁትም። ሲገረፉ በየመሃሉ «ምን አስለፈለፈኝ!» ይሉ እንደነበር ግን እየሳቁ ተናግረዋል።

ከእስር ሲፈቱ መንገዱ መቃብሩን ዞሮ አልፏል፤ ክረምት ሳይገባ መጨረስ የፈለገው ጣሊያን፣ ቆፋሪው መቃብሩን አልነካም ቢለው፣ መዞሩን መረጠ። ካቦነቱ ለሌላ ተሰጥቷል። የአቶ በዳሳ ድምፅም በእስር ቤቱ ብርድ ተዘግቶ ቀርቷል።

የመጀመሪያው ዶፍ ሲጥል ከአዲሱ መንገድ የወረደው ጎርፍ የመቃብሩን ጠርዝ ይሸረሽር ጀመር። አቶ በዳሳ ማዘዝ ቢያምራቸው ከጉሮሯቸው የወጣው ሲርሲርታ ብቻ ነው። ቢቸግራቸው ጎንበስ ብለው ድንጋይ አነሱ። ጀርባቸው ገና አልሻረምና ያነሱት ጡጫ የምታህል ነበረች። ወስደው ከጎርፉ አፍ አስቀመጧት፤ ሌላም ጨመሩ።

ዞር ሲሉ ሰፈሩ በሙሉ ድንጋይ ተሸክሞ ከኋላቸው ቆሟል። ደነገጡ። ማንም እኮ አላዘዘም!

«ጋሼ፣ ኧረ አንድ ነገር ይበሉን፤ ዝምታዎ ጨነቀን» አለች ሾዴ፣ ከሁሉ ትልቁን ድንጋይ አቅፋ እያለከለከች።

አቶ በዳሳ ጠጋ ብለው ድንጋዩን በአንድ ጎኑ ያዙላት።