የዝናሽ አቤቱታ

የሰዋስው አባቶቻችን ለዚያች ትንሽ ቃል ያወጡላት ስም «መስተዋድድ» ነው። የምታዋድድ፣ የምታፋቅር ማለታቸው ነበር። እንግዲህ ስም አውጪ ሁልጊዜ አይቀናውም፤ ደስታ ተብሎ ሲያለቅስ የኖረ ሰው አላየንም? እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ሃያ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር፣ ይህቺ አዋዳጅ የተባለች ቃል ከተማሪ ጋር፣ ከባልደረባ ጋር፣ ከራሴም ጋር ስታጣላኝ ነው የኖረችው።

ሰው እንግሊዝኛ የሚከብደው በትልልቁ ቃል ይመስለዋል። ውሸት ነው። ትልቁን ቃልማ የዚህ አገር ልጅ ይውጠዋል፤ ዳዊት ሲደገም እየሰማ ላደገ የጅጋ ልጅ አንድ ገጽ በቃል መያዝ ምኑም አይደል። መከራው ከስሙ ኋላ ተለጥፋ የምትመጣዋ ናት፤ ኦፍ፣ ፎር፣ ቱ፣ ኢን፣ ኦን። ትንሽ ሥጋ እንደ መርፌ ትወጋ ይባላል። ምክንያት ለማለት «ሪዝን» ካላችሁ «ፎር» ታስከትላላችሁ፤ «ኮዝ» ካላችሁ ደግሞ «ኦፍ»። ሁለቱም ምክንያት ናቸው እኮ! መፍትሔ «ቱ» ትፈልጋለች፣ ፍላጎት «ኢን» ትፈልጋለች። ለምን ብላችሁ መጽሐፉን ብትጠይቁት «በቃልህ ያዝ» ይላችኋል። እሺ ብላችሁ ትይዛላችሁ፤ ከዚያ አንድ ቀን የቋንቋው ባለቤት ራሱ ሬዲዮ ላይ ወጥቶ፣ እናንተ ከስንት ተማሪ ነጥብ የቀነሳችሁበትን ነገር እንደ ልቡ ሲናገረው ትሰማላችሁ። ኧረ ምን ይሻላል ጎበዝ!

እኛ ዘንድ ነገሩ ሁሉ በአንዲት «የ» ያልቃል። የቡሬ መንገድ ስትሉ ወደ ቡሬ የሚወስደውም ነው፣ ከቡሬ የሚያመጣውም ነው፣ እዚያው ቡሬ ውስጥ ባጃጁን የሚያንገጫግጨውም ነው። የሳል መድኃኒት ከሳል ያድናል፤ የአይጥ መድኃኒት አይጥ ይገድላል፤ ማንም ተሳስቶ አያውቅም። አንድ ተማሪ ይህንኑ በእንግሊዝኛ «ሜዲሲን ፎር ራት» ብሎ ቢጽፍልኝ፣ በቀይ አክብቤ «አይጧን ምን አሟት?» ብዬ መለስኩለት። ለክፍሉም አነበብኩት። አሁን ሳስበው ያን ያህል መሳቅ አልነበረብኝም።

ዝናሽ የጎረቤቴ የእትዬ እናኑ ልጅ ናት፤ ተማሪዬም ነበረች። ቡሬ አንድ እህል አበጣሪ ፋብሪካ ተቀጥራ ወንፊቱ አጠገብ ትሠራለች። የእህሉ አቧራ ደረቷን ያዛት። ለእሑድ ቤቷ ስትመጣ ሳሏ የእናቷን ግድግዳ አልፎ እኛ ቤት ይሰማ ጀመር። ጆንያ ወደሚሰፋበት ክፍል እንዲያዛውራት የፈረቃ ኃላፊዋን ብትለምነው፣ አቧራ የጠላች ቤቷ ትቀመጥ አለ። ነገሩ ቀላል አልነበረም። የእናቷ ቀለብና የታናናሾቿ ደብተር በእሷ ሥራ ላይ ነው፤ እሷ ቤት ከተቀመጠች ቤቱም አብሯት ይቀመጣል። ወንፊቱ ጋ ከቆየች ደግሞ ደረቷ አይቆይም።

ስለዚህ ለሥራ አስኪያጁ አቤቱታ ጻፈች። ፋብሪካው ደብዳቤ በአማርኛ ይቀበላል፤ «ጉዳዩ» የምትለዋ መስመር ግን በእንግሊዝኛ ትሁን ይላል። ሥራ አስኪያጁ የውጭ አገር ሰው ስለሆነ የሚያነበው እሷኑ ብቻ ነው፤ አንብቦ ለሚመለከተው ክፍል ይመራል። ዝናሽ ችግሯን በአማርኛ አሳምራ ጽፋ፣ ከላይ «ኮምፕሌይንት ኦፍ ዝናሽ» ብላ አመጣችልኝ። የዝናሽ አቤቱታ ማለቷ ነው። ትክክል ነበረች። ይህን ግን የምለው ዛሬ ነው።

ያን ዕለት ቀይ እስክሪብቶዬ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ «ኦፍ»ን ሳያት ደሜ ፈላ። ኮምፕሌይንት «አጌንስት»ን እንዳገባች ስንት ዓመት ሙሉ ነው ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት? ከኦፍ ጋር ምን አዋላት? ሰረዝኩና «አጌንስት» ብዬ ተካሁ። ዝናሽ ወረቀቱን ትንሽ አየችው።

«ቲቸር፣ አጌንስት 'በእገሌ ላይ' ማለት አልነበረም?»

«ሕጉ ነው» አልኳት። «ኮምፕሌይንት የምትፈልገውን ነው የምንሰጣት።»

አመስግናኝ ሄደች። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለሴት ብቻ የተተረተ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም።

ሥራ አስኪያጁ በዝናሽ ላይ የቀረበ አቤቱታ መሆኑን አነበበና ለዲሲፕሊን ክፍል መራው። የአለቃ ፊርማ ያረፈበትን ወረቀት ወደ ታች ወርዶ የሚያነብ በየትኛው መሥሪያ ቤት አይታችኋል? በሦስተኛው ቀን ዝናሽ ጉዳይዋ እስኪጣራ ከሥራ ታግዳ መጣች። የእግዱን ደብዳቤ የሰጣት ያው የፈረቃ ኃላፊ ነው፤ ምን ያህል ደስ እንዳለው አልነግራችሁም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የቀይ እስክሪብቶ ወለምታስ በምን ይታሻል?

እትዬ እናኑ ቤቴ መጡ። የሚቆጡ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡ አነሡ፣ የልጆቼን ደኅንነት ጠየቁ። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉና፣ «ልጄ እኮ መምህር አርመውልኛል ብላ ደስ ብሏት ነው የሄደችው» አሉ። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁትም።

በማግስቱ ዝናሽን ይዤ ቡሬ ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እሷ በመስኮት ታያለች፣ እኔ በሆዴ እንግሊዝኛዬን እደረድራለሁ። ሥራ አስኪያጁ ትሁት ሰው ነው። እንግሊዝኛው ግን እንደ እኔው የተማረው እንጂ አብሮት የተወለደ አይደለም። ስለ ስምና መስተዋድድ ጋብቻ፣ ስለ ልማድና ስለ ሕግ፣ ስለ ኦፍ ጠባይ ሩብ ሰዓት ያህል አስረዳሁት። አገጩን ይዞ ሰማኝ፤ ከዚያ ጣቱን ወደ ዝናሽ አመልክቶ፣

«ፍሮም?» አለኝ።

«ፍሮም» አልኩ።

አለቀ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለኮምፕሌይንት ባል ሳፈላልግ፣ ፍሮም ለካ እዚያው ደጃፏ ላይ ቆሞ ነበር። ሰውዬው የአማርኛውን ደብዳቤ አስተርጉሞ ሰማ፤ አቧራ የጠላች ቤቷ ትቀመጥ የሚለው ላይ ሲደርስ ፊቱ ጠቆረ። እግዱ ይነሣ፣ ወደ ጆንያ ስፌት ትዛወር አለ። ስሟ በከንቱ ስለተነሣም ፋብሪካው ይቅርታ ይጠይቃት፣ ይኸው በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ ብሎ ለጸሐፊው በቃል ነገረው። እኔም እንግሊዝኛን እየረገምኩ፣ አማርኛን እየባረክሁ ፍኖተ ሰላም ገባሁ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ዝናሽ በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። ማስታወቂያው ነው። ጥርት ያለ አማርኛ፣ ማኅተም ያረፈበት፦ «የወይዘሪት ዝናሽ ይቅርታ በሥራ አስኪያጁ መጽደቁን ለሠራተኞች እናሳውቃለን።»

ያነበበው ሁሉ እየመጣ «እንኳን ማሩሽ» ይላት ጀመር። አንዷማ ምን አጥፍተሽ ነበር ብላ በጆሮዋ ጠየቀቻት። የፈረቃ ኃላፊው ደግሞ በሰው ፊት፣ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ ብሎ መከራት።

አየሽ የእኛይቱ «የ»! ማንም ተሳስቶብሽ አያውቅም ያልኩሽ! ማን ይቅርታ ጠየቀ፣ ማን ተጠየቀ፣ ማን አጠፋ፣ ሁሉንም ውጣ ዝም። ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ብትሆን ሰምና ወርቅ ነው፣ ይበል እያልን ባደነቅናት። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ግን የሰው ስም ታጎድፋለች። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ያሉት አባቶች የሚሉትን ያውቁ ነበር፤ እኔ ነኝ ሌላ ቋንቋ ስወቅስ የራሴን ሳላይ የኖርኩት።

የዚያኑ ቀን ከሥራ ስትወጣ ማስታወቂያውን ከሰሌዳው ገንጥላ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። ቀይ እስክሪብቶዬን አወጣሁ፤ ክዳኑን ከፈትኩ፤ ትንሽ አሰብኩና ለእሷ ሰጠኋት። ጎንበስ ብላ ሙሉውን መስመር ሰረዘችና፣ «ድርጅቱ ወይዘሪት ዝናሽን ይቅርታ ይጠይቃል» ብላ ጻፈች። አንድ ግሥ ገብቶ ሁሉንም ገላገለው። ደጋግሜ አነበብኩት፤ የማርመው አላገኘሁም። ነገ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆማ አስፈርማ ትለጥፈዋለች።

እኔም ሳምንቱን ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ያቆየሁት ነገር ነበር። ልጅቷን ያሳገዳት ሰሌዳውም ጸሐፊውም አልነበሩም። «ዝናሽ፣ የእኔ ይቅርታ...» ብዬ ጀመርኩና ግሡ ጠፋኝ። የሃያ ስድስት ዓመት የቋንቋ መምህር ነኝ፣ አንድ ግሥ ጠፋኝ።

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እስክሪብቶዬንም አብራ ከተተችው። በሩ ላይ ስትደርስ ልክ እንደ እናቷ ቆም አለች።

«የእርስዎ ይቅርታ ደርሶኛል ቲቸር» አለችኝ። «የእኔ ግን ገና ነው።»

ሁለት «የ» ናቸው። የትኛዋ የጠያቂ፣ የትኛዋ የይቅር ባይ እንደሆነች ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም።