የካዛንቺሱ ሎጄና የአባቴ ምርቃት

ሰው ሀብታም መሆኑ የሚታወቀው ድህነትን በውድ ዋጋ መግዛት ሲጀምር ነው! አትሳቁ... እኔም ጀምሬያለሁ።

አንድ ደንበኛዬ ሐይቅ ዳር ያለ ሎጅ ጋበዘኝ። ግድግዳው ግንድ፣ ወንበሩ ግንድ፣ ወለሉ ድንጋይ... ሒሳቡ ደግሞ ናላ የሚያዞር! «በቃ፣ እኔስ ከማን አንሼ?» ብዬ፣ ካዛንቺስ ያለችውን ምግብ ቤቴን ሴራሚኳን አስነቅዬ ያልተጠረበ ድንጋይ አስነጠፍኩላት። መሐል ላይ የሚቆመውን ምሰሶ ያመጣልኝ ደላላ ነው።

«ሁለት መቶ ዓመት ጫካ የኖረ ጥድ! የሰው እጅ አልነካውም።»

«ጎኑ ምን ሆኖ ጠቆረ?»

«መብረቅ ነዋ!»

መብረቁንም ጨምሮ አስከፈለኝ።

እንግዲህ እኔ ያለ አባቴ ምርቃት ንግድ አልከፍትም። አንዴ ቸኩዬ ሳላስመርቅ የከፈትኳት የቡልጋሪያ ሰፈሯ ሱቅ ሦስት ወር አልቆየችም። ስለዚህ በግ ታረደ፣ እንግዳ ተጠራ፣ አባቴ ከቡታጅራ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ድንጋዩን አዩ፣ ግንዱን አዩ፣ እኔን አዩ... ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ልጄ፣ ከሰርክ እንዴ?»

«ኧረ አባባ! ሎጅ ነው!»

«እኔን ብሎኬት ቤት አስገብተህ፣ አንተ በረት ውስጥ?»

«ፈረንጅ ይወደዋል።»

«ፈረንጅ ላም ነው?»

ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ! ግንድ ቤት ተወልደው ላረጁ ሰው እኔ ስለ ግንድ ቤት ሳስረዳ...

«አባባ፣ እንግዳ ቆሟል፣ ይመርቁን!»

«በረት የሚመረቀው ላም ሲኖር ነው» ብለው ምሰሶውን ተደገፉ። እጃቸው ጥቁሩ ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ አሉ። ዳሰሱት። አሸተቱት።

«ይሄን ማን አቃጠለው?»

«መብረቅ ነው። ለብቻው ከፍዬበታለሁ።»

«መብረቁስ አንተ ነህ! ልጅ ሆነህ በቆሎ ልጥበስ ብለህ ቤቴን ልታነድ ነበር! የገረፍኩህ በዚህ አይደል?»

ወይ ጉድ! ብሎኬቱ ሲሠራ የፈረሰው ሣር ቤታችን ምሰሶ ነው፤ አባቴ ለማገዶ ብለው ለደላላ የሸጡት! እንደ ጠፋ ዘመድ አቅፈው ሳሙት። ከዚያማ ምርቃቱ ዶፍ ሆኖ ወረደ... አሜን ስንል ጥብሱ በረደ።

ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ የድሮው በረት ግንድ እዚህ ወድቋል። ይሆንሃል?»

«በስንት፣ አባባ?»

«ኧረ ግንዱስ በነፃ ነው» አሉኝ አባቴ፤ «ግን እሱም ትንሽ ጠቆር ያለ ነው... መብረቁን ታስብልኛለህ።»