ሊቀ ፎርማት ታከለና አፍ የሌላት ኮምፒውተር

በዚህች አገር አንድ ቦታ ከተማ ለመባል መናኸሪያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና «ፎርማት ይፈልጋል» የሚል ሰው ያስፈልገዋል። ከአራቱ አንዱ የጎደለው ገና መንደር ነው። ሸዋ ሮቢት አራቱንም ታሟላለች፤ አራተኛው ሊቀ ፎርማት ታከለ ናቸው። በዕድሜ እኔ እበልጣቸዋለሁ። ግን ኮምፒውተሩን በእጃቸው ያስገባ ሰው አንቱ ከማለት ሌላ ምን አቅም አለው?

የሚሠሩት ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ በሆነች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በሰኔ ሙቀት እዚያ የገባ ሰው ያልሠራውን ኃጢአት ሳይቀር ተናዝዞ ይወጣል። አንገታቸው ላይ፣ ከማተባቸው ጋር በአንድ ጥቁር ክር የታሰረች ፍላሽ አለች። የንስሐ አባታቸው «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ቢሏቸው «አደራ ናት፣ አባ» ብለው መለሱ ይባላል። እኛም ሰምተን ስቀን አለፍን።

ሊቀ ፎርማት ሦስት ቃል ብቻ አላቸው። የመጀመሪያው «ፎርማት ይፈልጋል» ነው። ሞባይል አልጠራ ሲል ፎርማት ይፈልጋል። ባጃጅ አልነሳ ሲል ፎርማት ይፈልጋል። አንድ ጊዜ የተጣሉ ባልና ሚስት ለሽምግልና ጠርተዋቸው፣ ሁለቱንም ወገን አንድ ሰዓት ሙሉ ካዳመጡ በኋላ የሰጡት ፍርድ ይኸው ነበር፤ ባልና ሚስቱ በሳቅ ታረቁ። ሁለተኛው ቃላቸው «ይደር» ነው። የአምስት ደቂቃ ሥራ ቢሆን እንኳ ዕቃው እሳቸው ዘንድ ሳያድር አይወጣም። በሰው ኮምፒውተር ፊልም ሲያዩ ያድራሉ የሚል ወሬ ነበር፤ ካወሩት አንዱ እኔ ነኝ። ሦስተኛውን ቃላቸውን ስሰማ ግን የተረፍኩት ተቀምጬ ስለነበር ነው።

ነገሩ በ2004 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። እኔ ያኔ ዓመቱን ሙሉ አስተምሬ ክረምት ክረምት ዲግሪዬን የምማር መምህር ነበርኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ አቀንጭራ የሚባለው አረም በወረዳችን በቀወት የማሽላ ማሳዎች ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ሲሆን ስድሳ አራት ገጽ ወጥቶታል። ዓርብ ጠዋት ካላስረከብኩ አንድ ዓመት ልጠብቅ ነው። ስድሳ አራቱም ገጽ ያለው ደግሞ እህቴ ከዱባይ በላከችልኝ፣ ኔትቡክ በሚሏት፣ ከደብተር እምብዛም በማትበልጥ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። እዚያ ብቻ። እሑድ ከሰዓት ስከፍታት ጥቁር ሆና አንዲት ነጭ ጭረት ብልጭ ድርግም እያደረገች ቀረች።

ባልደረቦቼ አዲስ ዊንዶውስ ጫንባት አሉኝ። ደብረ ብርሃን ለስብሰባ በሄድኩበት ጊዜ የገዛሁት ሲዲ ስለነበረኝ ተደሰትኩ። ከዚያ ኮምፒውተሯን አገላብጬ ብፈልግ ብፈልግ ሲዲ የሚገባበት ቦታ የላትም። በጎንና በጎኗ ትንንሽ ቀዳዳዎች ብቻ። ሰኞ በማለዳ ሲዲውንም እሷንም ታቅፌ ሊቀ ፎርማት ዘንድ ደረስኩ።

«ጋሽ ታከለ፣ አፍ የላትም» አልኳቸው።

አገላብጠው አዩአት። ጠጋ ብለውም አሸተቷት። «አፉ አልከፈት ያለ በሽተኛ ሆስፒታል ሲገባ በምን ይበላል? በአፍንጫው። ሲዲውን እዚህ ትልቁ ኮምፒውተር ላይ እናስገባና ወደ ፍላሽ እናልበዋለን። ከዚያ ፍላሹን በአፍንጫዋ። ቀላል ነው፤ ፎርማት ትፈልጋለች።»

«የመመረቂያ ጽሑፌ እኮ ውስጧ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የገባቸው መሰለኝ።

«እንግዲያው አሁኑኑ ይጀምሩልኛ!»

«ይደር» አሉ።

ማክሰኞ ስመለስ ሲዲው ታልቦ አልቋል። ፍላሹን ሰኩና አንዷን ቁልፍ እንደ መቁጠሪያ ሳያቋርጡ ይነኩ ጀመር። ኮምፒውተሯ ስትነሳ ወደ ፍላሹ እንድትዞር በትክክለኛዋ ቅጽበት መነካት አለባት አሉኝ። ሁለት ጊዜ አመለጠቻቸው፤ በሦስተኛው ያዟት። ሰማያዊ መልክ መጣ፣ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ድርግም ብላ ጠፋች። ደግመው ሞከሩ፤ ጠፋች። ከሥሯ ሲዳስሷት ትፋጃለች። ቤቱ ራሱ ይፋጃል። «ሙቀቱ ነው። ነገ ሌላ ቦታ እንሄዳለን» አሉና እንደገና አሳደሯት።

ሌላው ቦታ የእትዬ ብዙነሽ ሆቴል ሆነ። ረቡዕ የገበያተኛው ባጃጅ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ቃሲምም ጉዴን ሰምቶ ከማሳው መጥቷል። ቃሲም የጽሑፌ ግማሽ ባለቤት ነው ማለት ይቻላል፤ ማሽላው መሃል ጎንበስ ብለን አቀንጭራ የቆጠርነው አብረን ነው። ሊቀ ፎርማት ኮምፒውተሯን ጠረጴዛ ላይ ከፍተው ፍላሹን ሰኩ። ሁሉም ነገር እንደሚጠፋ የሚያስጠነቅቅና ይስማሙ እንደሆነ የሚጠይቅ ጽሑፍ መጣ። እኔ አንብቤ ሳልጨርስ እሳቸው ተስማሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው ሦስተኛውን ቃላቸውን ተናገሩ።

«ኮፒ አለህ አይደል?»

እንዲህ ደንግጬ አላውቅም። ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነገር በአንዲት ጣት ሲሄድ ዓይኔ እያየ ነው።

«የምን ኮፒ?» አልኩ እንደምንም።

«የጽሑፍህ ነዋ። መቼም የተማረ ሰው ነገሩን አንድ ቦታ ብቻ አያስቀምጥም።»

«የለኝም።»

«አይ መምህር» አሉ። ተነስተው የለስላሳውን ፍሪጅ ከፈቱ፣ ከመሃሉ መደርደሪያ ጠርሙሶቹን አወጡ፣ ኮምፒውተሬን ከነፍላሿ አስገቡ፣ ገመዷን በበሩ ጥግ አሾልከው ዘጉባት። በአንድ ቀን ሁለተኛ ድንጋጤ ይኖራል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ቃሲም የያዘውን ጠርሙስ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ሱብሃነላህ። ያ ሁሉ የቆጠርነው?»

አስተናጋጇ ፌቨን ሮጣ ፍሪጁን ልትከፍት ስትል ሊቀ ፎርማት እጃቸውን አነሱ። «ያለ ምክንያት አይከፈትም፤ ቅዝቃዜው ይወጣል። ሰው ሲያዝ ብቻ።»

ስለዚህ አዘዝኩ። ጽሑፌ ጠፍቶ ምን እንደምጠብቅ ባላውቅም ጭነቱ ስንት እንደደረሰ ሳልሰማ መቀመጥ አልቻልኩም። ፌቨን ለስላሳውን አምጥታ «አስራ ሁለት በመቶ» አለችኝ። ለቃሲም አዘዝኩ፤ «ሃያ ሰባት»። ለራሴ ደገምኩ፤ «አርባ»። አምስተኛው ላይ ቃሲም «ወላሂ፣ መምህር፣ ከዚህ በላይ አልችልም» ብሎ ለመነኝ፤ ለማላውቃቸው ሁለት ሹፌሮች አዘዝኩ። ስድሳ ሁለት ላይ መብራት ጠፋ። ሆቴሉ ሁሉ እኔን ያየኛል። «ባትሪ አላት፣ ሃያ ደቂቃ ትቆያለች» አሉ ሊቀ ፎርማት፤ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ። መብራቱ በአስራ ስምንተኛው ደቂቃ መጣ። ሰዓቴን ይዤ ስለነበር አውቃለሁ።

ሲያልቅ አወጧት። ፊቷ ላይ ጤዛ መስሎ የወጣውን ውሃ በነጠላቸው ጠርገው እስክትደርቅ ፀሐይ ላይ አቆዩአት። ከዚያ ማተባቸውን ሳቡ፣ ያቺን ፍላሽ ከክሩ ፈቱና ሰኳት። አንድ ዝርዝር ተከፈተ፤ የከተማው ሰው ስም ሁሉ እዚያ አለ። «ብዙነሽ፣ የልጇ ሠርግ»፤ «ዘነበች፣ ከቤይሩት የመጣ ፎቶ»፤ «አብዱልወሃብ፣ የወፍጮ ቤት ፈቃድ»። ከሁሉም በታች «መምህር፣ አቀንጭራ» ይላል። ከፈቱት። ስድሳ አራቱም ገጽ አለ።

ሰኞ ዕለት ያሳደሯት ለዚህ ኖሯል። ሃርድ ዲስኳን ፈትተው ትልቁ ኮምፒውተር ላይ አስረው፣ ያለኝን ሁሉ ገልብጠው ነው ያደሩት። ያንብቡት አያንብቡት ሳልጠይቃቸው እሳቸው ቀጠሉ።

«ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ የቃሲም ማሳ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታጨዳል ብለሃል። እሱ ዝናብ ጠባቂ አይደለም እንዴ? የመስኖው ማሳ የጎረቤቱ ነው።»

«ልክ ናቸው» አለ ቃሲም።

ልክ ነበሩ። ቁጥሩን እዚያው አረምኩት። ከዚያ ግን ንዴቴ መጣ። «ታዲያ ጽሑፌ አንገትዎ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስሞት እያዩ ዝም አሉ?»

«ያልደነገጠ ሰው ኮፒ አያደርግም» አሉና ፍላሿን መልሰው ክሩ ላይ አሰሩ።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ፌቨን ጠርሙሶቹን እየሰበሰበች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አይቀየሟቸው። ጋሼ ታከለ ኮምፒውተር ሲለምዱ መጀመሪያ ፎርማት ያደረጉት የራሳቸውን ነው። እናታቸው ባረፉ በወሩ። የእናታቸው ፎቶ ያለው እዚያ ብቻ ነበር።»

ማንም ኮፒ አለህ ወይ ብሎ አልጠየቃቸውም ነበር። ይህን ስሰማ ስለ ፊልሙ ያወራሁት ወሬ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

ዓርብ አስረከብኩ፤ በዚያው ክረምት ተመረቅኩ። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ሁሉ ሦስት ቦታ ይቀመጣል፤ አንዱ ቤቴ፣ አንዱ ትምህርት ቤት፣ አንዱ ሸሚዝ ኪሴ። ባለፈው ጥር ያቺ አፍ የሌላት ኮምፒውተር እንደገና ጠቆረችብኝና ወሰድኳት። «ፎርማት ትፈልጋለች» አሉ። አደረች። በማግስቱ ቁልፉን ተጭነው፣ ያቺን የከፋች ጥያቄ ሊጠይቁኝ ቀስ ብለው ዞሩ።

«ኮፒ አለህ አይደል?»

ፍላሼ ደረት ኪሴ ውስጥ ናት፤ እየቆረቆረችኝ ነው። ሁለት እጄን ራሴ ላይ ጭኜ፣ በምችለው ሁሉ ደንግጬ፣ «የለኝም፣ ጋሽ ታከለ» አልኩና የሚፋጀው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«አይ መምህር» አሉ፤ ፊታቸው በራ፤ እጃቸውም ወደ ማተባቸው ሄደ።